የቀይ ጋራው ሞተር ዝም ያለ ቀን

ስሜ ሰይድ ነው። መርሳ ላይ ወርዳችሁ «ሰይድ ሞተሩ የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የባጃጁ ሹፌር ሌላ ምልክት ሳይፈልግ ደጄ ያደርሳችኋል። ከወልድያ እስከ ሐብሩ ዳር ድረስ በቆሙት የስልክ ማማዎች ሥር እጄ ያላረፈበት ጄኔሬተር የለም። ትምህርት ቤት የሄድኩት ማንበብና መጻፍ እስክለምድ ብቻ ነው። የቀረውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ተማሪውም እኔ ነበርኩ፤ ሁለታችንም ጎበዞች ነበርን።

ይህን የምጽፈው አሁን በሥራው ላይ ላሉት ልጆች ነው። «ኃይል ቁጠባ» የሚባል ነገር በየስብሰባው ይነሳል፤ ግድግዳ ላይ ሥዕል እያበሩ ያስረዳሉ። ደግ ነው። እኔ ግን የኃይል ብክነትን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ በአፍንጫዬም አሽትቼዋለሁ። ሽታው ምን እንደሚመስል ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሥራ የጀመርኩበትን ቀን ትናንት ይመስል አስታውሰዋለሁ። መርሳ ላይ የእህል ወፍጮ ሞተር እጠግን ነበር። ወልድያ ያለው የማማ ጄኔሬተር አልነሳ ብሎ ቢያስቸግራቸው መኪና ላኩብኝ። የወፍጮው ዱቄት ራሴ ላይ እንዳለ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የቆሙት ሰዎች ሽማግሌ መስዬአቸው «ይግቡ አባባ» አሉኝ። ዱቄቱን ሳራግፈው ጎረምሳ ሆንኩ።

ጄኔሬተሩን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ናፍጣ የሚያጣራው ፊልትሮ ላይ ያለችውን ፍሬ በቁልፍ ላላ አድርጌ የእጅ ፖምፓውን መታ መታ አደረግኩ። አረፋ ወጣ፤ መስመሩ አየር ውጧል ማለት ነው። አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ ፍሬዋን አጠበቅኩና አስነሳሁት።

ኃላፊው ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። «የት ነው የተማርከው?» አሉኝ።

«መርሳ፣ ወፍጮ ቤት።»

«ወረቀት አለህ?»

«ወረቀቴ ይኸው እየጮኸ ነው ጌታዬ፤ ያዳምጡት።»

ሳቁ፤ ሲስቁ አይተዋቸው የማያውቁ ሠራተኞች ሁሉ ዞረው ተመለከቱ። «ነገ ጠዋት ና» አሉኝ። በረዳትነት ገባሁ፣ ቴክኒሻን ሆንኩ፣ በኋላም የመስክ ቴክኒሻኖች አለቃ ሆንኩ። በመሐሉ ማንም አልገፋኝም፤ ማንም አላቆመኝም።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ማማው ሥር አንዲት የብረት ክፍል አለች። ክፍሏ ውስጥ የሰዉን ድምፅ የሚቀበሉና የሚልኩ መሣሪያዎች፣ ለእነሱ የሚስማማውን ኃይል የሚያዘጋጅ ሬክቲፋየር፣ ደግሞም ባትሪዎች አሉ። መብራት ባልደረሰበት ጋራ ላይ ሁሉን የሚመግበው ጄኔሬተር ነው። ሰው ነዳጁን የሚጨርሰው የስልኩ ወሬ ይመስለዋል። ቆላ ላይ ግን ክፍሏን የሚያቀዘቅዘው ኤሲ ከመሣሪያዎቹ ጋር ተሻምቶ የሚበላ ነው። መሣሪያዎቹ በባትሪ ይሠራሉ፤ ያ ኤሲ በባትሪ አይሠራም። ስለዚህ ኤሲው እስካላረፈ ድረስ ጄኔሬተሩም አያርፍም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ታሪኩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእሷ ላይ ነው።

ኢንጂነር ሰናይት የመጣችልን እኔ አለቃ ከሆንኩ በኋላ ነው። ወልድያ ተወልዳ ያደገች፣ ቀጭን፣ ፈጣን ልጅ ናት። ለጠቅላላው አካባቢ የኃይል ክፍል ኃላፊ ሆና ተሾመች። ቢሮዋ ጠርታ አስቀመጠችኝና፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ቀይ ጋራ ያለው ማማችን ምን ሆኗል?» አለችኝ።

ቀይ ጋራ ከመርሳ በላይ፣ ሐብሩ ውስጥ ያለ ኮረብታ ነው። ጄኔሬተሩን በደንብ አውቀዋለሁ። «ጤነኛ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ነው ዘይቱን የለወጥኩለት» አልኳት።

«ጤነኛ ከሆነ ለምንድን ነው ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የሚጠጣው? ከላይ ትእዛዝ መጥቷል። ክረምት ሲገባ የነዳጅ መኪናዋ ያንን ጭቃ ዳገት አትወጣም። ከዚያ በፊት ፍጆታው በግማሽ ካልወረደ ማማው ይዘጋል፤ መሣሪያውም ተነቅሎ ቆላ ይወርዳል።»

«ሕዝቡስ?»

«ሕዝቡማ ያለ ኔትወርክ ይቀራል። እኔም ያሳሰበኝ እሱ ነው።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን «እናያለን» ይል ነበር። እኔ ግን ቆሜ፣ «ከክረምት በፊት በግማሽ ካላወረድኩት የሁሉንም ክፍሎች ቁልፍ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጬ ወደ ወፍጮዬ እመለሳለሁ» አልኳት።

«ጋሽ ሰይድ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት አይናገሩ፤ ይያዝብዎታል» አለችኝ እየሳቀች።

በሩ ክፍት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። የተናገርኩትም እንዲሰሙ ብዬ ነው።

ቢሮው ውስጥ የሁሉም ግምት አንድ ነበር፤ ነዳጁ ይሰረቃል። የሚጠረጠረው ደግሞ ጥበቃው አራጌ ነው። አራጌን አውቀዋለሁ። ድሮ ወታደር የነበረ፣ ትእዛዝ ከተሰጠው ትእዛዙን ይዞ የሚተኛ ሰው ነው። ሄጄ ጄኔሬተሩን መረመርኩ። ጭስ የሚወጣበት የማርሚታው አፍ ጥቀርሻ ጠጥቷል። የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥረው መቁጠሪያ ሞተሩ እንዳልቆመ ይናገራል። ሞተሩ ላይ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። ከባድ ሸክም እንዳለው ሰው ያቃስታል። የተሰረቀ ነዳጅ ጥቀርሻ አይሠራም። ይህ ነዳጅ እዚሁ ተቃጥሏል። በምን ምክንያት እንደሆነ ግን አልገባኝም። ክፍሉን ከፍቼ አየሁ፤ ተጠርጎ ያበራል፤ የኤሲውን ቁጥር ልብ ሳልል እንግዳ ነገር የለበትም ብዬ ዘጋሁት።

ወደ መርሳ ስመለስ መንገድ ላይ አሰብኩበት። እኛ ሁልጊዜ የምንወጣው በነዳጅ መኪናዋ ነው። እሷ ደግሞ ዳገቱን ስትጀምር ድምጿ ከጋራው ማዶ ይሰማል። እኔ መኪናዋን ከሩቅ ከሰማሁ ጋራውም ይሰማታል ማለት ነው።

በማግስቱ መርሳ ላይ ባጃጅ ይዤ እስከ ወንዙ ሄድኩና ከዚያ በእግሬ ወጣሁ። ፀሐይዋ ትጠብሳለች። አጥሩ ጋ ስደርስ አራጌ ዱላውን ይዞ ብድግ አለ።

«ቁም! ማነህ?»

«ሰይድ ነኝ።»

«መኪናዋስ?»

«ዛሬ አልመጣችም። እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው። ክፈትልኝ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ትንሽ አረፍ በል እንጂ፤ ውኃ ላምጣልህ። ቁልፉን የት እንዳደረግኩት…»

«ቁልፉ አንገትህ ላይ ነው አራጌ።»

ከፈተው። መጀመሪያ የመታኝ ብርዱ ነው፤ ላቤ ጀርባዬ ላይ ደረቀ። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ጣፋጭ፣ የበሰለ፣ ምራቅ የሚያስውጥ ሽታ። ከሬክቲፋየሩ እግር ጀምሮ እስከ ባትሪዎቹ መደርደሪያ ድረስ ቅርጫት በቅርጫት ላይ ተደርድሯል። ማንጎ! በመሐሉ የቅቤ ቅሎች አሉ። ጥግ ላይ ለሠርግ የታረደ በሬ ሥጋ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ባትሪው ላይ ደግሞ በሳህን የተበጠበጠ የሙሽራ ሂና ተቀምጧል።

«አራጌ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ማንጎ ነው።»

«ማንጎነቱንማ አየሁት!»

ዱላውን አስደግፎ ቁጭ አለ። «መጀመሪያ እትዬ ዘይነባ አንዲት ቅርጫት አመጣች። የገበያው መኪና ቀርቶባት ነበር፤ እስከ ነገ ብቻ አለችኝ። አስገባሁላት። በነጋታው ጎረቤቷ መጣች። አንዷን አስገብቼ ሌላዋን በምን አፌ እከለክላለሁ? እዚሁ እኮ ነው የምኖረው። ሲታመሙ እጠይቃለሁ፣ ስታመም ይጠይቁኛል።»

«ኤሲውስ? ለምን የመጨረሻው ቁጥር ላይ ተደረገ?»

«ስቀጠር ክፍሉ እንዳይሞቅ ጠብቅ አላችሁኝ። ጠበቅኩ። ሙቀት የሚባል ገብቶ አያውቅም።»

ነገሩ ገባኝ። በሩ ቀኑን ሙሉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የሐብሩ ሙቀት ይገባል፣ ብርዱ ይወጣል፤ ኤሲው ሳያርፍ ያነፍሳል፤ ጄኔሬተሩ ያቃስታል። የነዳጅ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ስትሰማ ሰፈሩ ሁሉ ቅርጫቱን ተሸክሞ ይወጣል፣ አራጌም ይጠርጋል።

«ቢሮው ነዳጅ ትሸጣለህ እያለህ ነው» አልኩት።

«እኔ?» አለና ተነሳ። «እኔ የመንግሥትን ንብረት? ጠብታ?» ስለ ማንጎው ያላፈረ ሰው በዚህ ሊያለቅስ ደረሰ።

ይህን ስንባባል እትዬ ዘይነባ አህያዋን እየነዳች ደረሰች። ወፍራም፣ ደርባባ፣ ንግግሯ እንደ ወፍጮዬ የማያቋርጥ ሴት ናት። እኔን አይታ አልደነገጠችም።

«አሰላሙ ዓለይኩም ጋሽ ሰይድ! ምነው በሩን ከፍተው ቆሙ? ብርዱ ይወጣል እኮ!»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ይህ ማንጎ ያንቺ ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ የእኔም የሰውም ነው። አንድ ይቅመሱ።»

ቀመስኩ። ባልቀምሰው ኖሮ ይሻል ነበር፤ ከዚያ በኋላ መቆጣት ከበደኝ። ያም ሆኖ ነገርኳት። ክረምት ሳይገባ ነዳጁ በግማሽ ካልወረደ ማማው እንደሚነቀል፣ ነዳጁን የሚጨርሰውም ይህ ብርድ እንደሆነ አስረዳኋት።

ወገቧን ይዛ ቆመች። «ይነቀላል? ስልኩ ሊጠፋ?»

«ይጠፋል። ማንጎሽና ስልክሽ አንድ ሰሃን ላይ ነው የሚበሉት።»

«ወላሂ አላወቅኩም! ወልድያ ያለው ነጋዴ መኪና መኖሩን የሚነግረኝ በዚህ ስልክ ነው። ሐራ ገበያ የተሻለ መሆኑን የማውቀው በዚህ ነው። ልጄ ፎዚያ ጅዳ ናት፤ ነፍሰ ጡር ናት። ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ ድምጿን ካልሰማሁ ምግብ አይወርድልኝም።» ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ስልኩን ብይዝ ማንጎው ይበሰብሳል። ማንጎውን ብይዝ ስልኩ ይጠፋል። አንቱ ሞተር አዋቂ ነኝ ይላሉ አይደል? እንግዲያው ሁለቱንም ያቆዩልኝ!»

«አቆይልሻለሁ» አልኳት። አሁን የገባሁት ቃል ሁለት ሆነ።

እዚያው ጋራው ላይ ቆሜ ለሰናይት ደወልኩና ያየሁትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ማንጎው ይጣፍጣል?» አለችኝ።

«በጣም።»

«የሆነውን እንዳለ እጽፋለሁ ጋሽ ሰይድ። ግን ከመፍትሔው ጋር ነው የምልከው። አራጌ ሌባ አለመሆኑን አስቀድሜ እጽፋለሁ። ነገ እመጣለሁ።»

መጣች። ኤሲው ፊት ቆመን ክርክር ጀመርን። እኔ ቁጥሩን ከፍ እናድርገው አልኩ። እሷ፣ «ለምን ጨርሶ አናጠፋውም?» አለች። ቴክኒሻኖቹ ሁሉ ደነገጡ። እሷ ግን አንብባ፣ ሠሪዎቹንም ጠይቃ መጥታለች። የራዲዮ መሣሪያዎቹ እኛ ከምናስበው በላይ ሙቀት ይችላሉ፤ ለሙቀት ስስ የሆነው ባትሪው ብቻ ነው። «ለባትሪው ብለን ቤቱን ሁሉ ከምናቀዘቅዝ ባትሪውን ለብቻው እናቀዝቅዘው» አለች። እውነት ለመናገር እኔም በልቤ ጠርጥሬው ነበር፤ ያልተናገርኩት ማንም ስላልጠየቀኝ ነው።

የእሷ ድርሻ ሐሳቡ ነበር፤ የእኔ ደግሞ እጄ። ባትሪዎቹን በሳጥን ውስጥ አስገብቼ ዙሪያውን በወፍራም ስፖንጅ ለበጥኩት። በባትሪው በራሱ ኃይል የሚሠራ ትንሽ ማቀዝቀዣ ገጠምኩለት። ጣሪያው ላይ በመሐሉ አየር የሚያሳልፍ ሁለተኛ ቆርቆሮ ደረብኩና ነጭ ቀለም ቀባሁት። ግድግዳውን ቀድጄ ከምዕራብ አየር የሚያስገባ፣ በምሥራቅ ሙቀቱን የሚያስወጣ ቬንትሌተር ተከልኩ። አቧራ እንዳይገባ ፊልትሮ አደረግኩበት፤ እሱን የማጠቡን ሥራ ለአራጌ ሰጠሁት። ትእዛዝ ሲሰጠው ፊቱ በራ።

ኤሲውን አጠፋን። ጠዋቱ መልካም ሆነ። ከቀትር በኋላ ግን ክፍሉ ሞቀ፣ ሞቀ፣ ከዚያም መሣሪያው ራሱን ለማዳን ተዘጋ። ጋራው በሙሉ ኔትወርክ አጣ። ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ጫማዋን በእጇ ይዛ ዳገቱን ወጣች። «ሁለቱንም አቆያለሁ ብለው ሁለቱንም አጠፉብኝ! ማንጎዬን አስወጡ፣ ልጄንም ቀሙኝ!»

ሰናይት ቬንትሌተሩን እየዞረች ታያለች። «ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ አየሩ ግን አይወጣም» አለች። እኔም እጄን መውጫው ላይ ዘርግቼ ነበር። የሚወጣ ሙቀት መኖር ሲገባው ከውጭ የሚመጣ ትኩስ ንፋስ መዳፌን ይገፋዋል።

እትዬ ዘይነባ በንዴቷ መሐል እጄን አየችና ሳቀች። «ምን እየሠሩ ነው? እዚያ በኩል ነው እንዴ ትኩሱን የሚያስወጡት?»

«አዎ፣ ምን አለበት?»

«ኧረ በአላህ! ከቀትር በኋላ ንፋሱ ከቆላ ነው የሚመጣው። አውድማ ላይ ማሽላ የሚያዘራ ሰው ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ቢያነሳው ገለባው ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ ነው የሚገባው። እናንተ ገለባችሁን ወደ ንፋሱ እየበተናችሁ ነው!»

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች፣ እኔም ወደ እሷ። ወዲያው፣ «እትዬ ዘይነባ፣ ቀኑን ሙሉ የሚነፍሰውን በሙሉ ንገሪን» አልኳት። ራሱ አውድማው ድረስ ይዛን ሄዳ አሳየችን። ጠዋት ንፋስ ደካማ ነው፣ የትም ቢሆን ችግር የለም። ከቀትር በኋላ ከምሥራቅ፣ ከቆላው ይነሳል፣ እስከ ምሽት አይተኛም። ሰው መጠየቅም ሙያ ነው፤ እኔ እሱንም አውቅበታለሁ።

መግቢያውን ወደ ምሥራቅ ዝቅ አድርጌ፣ መውጫውን ወደ ምዕራብ ከፍ አድርጌ ቀየርኩ። ከመግቢያው ፊት ለፊት የጥላ ዳስ ሠራሁ። ሲነፍስ ንፋሱ ራሱ ይገፋልናል፤ ቬንትሌተሩም እምብዛም አይደክምም። መሣሪያውም ተነሳ።

ሥራችን የጸናበትን ቀን ግን መቼም አልረሳውም። ባትሪው ሞልቶ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሙቀት የተፈቀደለትን አላለፈም። ሰናይት አንገቷን ነቀነቀችልኝ። የጄኔሬተሩን ማጥፊያ ነካሁ። ኩፍ፣ ኩፍ፣ ኩፍ ብሎ ቆመ።

ያ ጋራ ማማው ከተተከለ ጀምሮ ዝም ብሎ አያውቅም ነበር። የወፍ ድምፅ ተሰማ። ከታች የመስኖው ውኃ ሲወርድ ተሰማ። አንድ አፍታ ሳይቆይ ግን ከየቤቱ ሰው ብቅ ብቅ አለ። «ሞተሩ ሞተ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ሴቱ ወንዱ ዳገቱን እየሮጠ ወጣ። አራጌ አጥሩ ላይ ሆኖ «አልሞተም! አርፎ ነው! ታዞ ነው ያረፈው!» እያለ ይጮሃል፤ የሚሰማው የለም።

እትዬ ዘይነባ ከፊት ነበረች። «ዛሬስ ምን አደረጉት?»

«ስልክሽን አውጪ።»

«ሞተር በሌለበት ምን ይሠራልኛል?»

«አውጪው አልኩሽ!»

አውጥታ ደወለች። ስልኩ ጠራ። ጅዳ ያለችው ፎዚያ «አቤት እማዬ» ስትል ቅርብ የነበርን ሁሉ ሰማናት። እትዬ ዘይነባ አፏን በእጇ ያዘች። «ፎዚያ! ሞተሩ ጠፍቷል! አዎ፣ ጠፍቶ ነው የማናግርሽ! ወላሂ! ሰይድ ሞተሩ ነው ያጠፋው!» ከዚያ እልልታው ቀለጠ። እኔም መሐል ቆሜ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። እልልታው ለእኔ ነበር፤ ያልሆነ እንደሁ የነበረ ሰው ይናገር።

ማንጎውም አልቀረም። ሲሪንቃ ላይ የእርሻ ሙከራ ከሚሠራ ወዳጄ የሰማሁትን ይዤ ከኮረብታው ግርጌ፣ መስኖው አጠገብ አንዲት ቤት ሠራን። ግድግዳዋ ሁለት ወንፊት ሽቦ ነው፤ በመሐሉ ከሰል ይሞላል። ከላይ ከበርሜል ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ የከሰዓቱ ንፋስ በእርጥቡ ከሰል ሲያልፍ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ሽቦውን እኔ አጠፍኩ፣ ከሰሉን ሰፈሩ አመጣ፣ በሩን ወደ የት እንደምናደርግ እትዬ ዘይነባ ነገረችን። ያለ ሞተር፣ ያለ ናፍጣ፣ ማንጎው ለገበያ እስኪወርድ ይቆያል። የሠርጉ በሬ ግን ከዚያ ወዲያ በሰዓቱ ተበላ።

ሰናይት ወልድያ ቢሮዋ ሆና ሌላ ነገር ጨመረች። ሰው ሲተኛና የሚደውል ሲያንስ ከመሣሪያዎቹ ከፊሉ እንዲያሸልብ አዘዘችው። «ሁሉም ነቅቶ ምን ያደርጋል፤ አንዱ ተራ ይጠብቅ» ብላ አስረዳችኝ። አራጌ ይህን ሲሰማ በጣም ደስ አለው፤ በወታደር ቤት እንደዚያ ነበር።

የመጀመሪያው ዝናብ ከመጣሉ በፊት የመጨረሻዋ የነዳጅ መኪና ወጣች። በርሜሉን ለመሙላት ሲከፍቱት ሰናይት የመለኪያውን ዘንግ ራሷ ነከረች። አወጣችና ደጋግማ አየችው። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። እርጥቡ ከፍ ብሎ ታየ፤ ድሮ ከሚጠጣው ግማሹን እንኳ አልጠጣም። መኪናዋ ካመጣችው ነዳጅ ከግማሽ በላዩን ይዛ ተመለሰች፤ የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

«ቁልፎቹን ይመልሱልኝ ብዬ ጠብቄ ነበር» አለችኝ ሰናይት እየሳቀች።

«የትኞቹን ቁልፎች?» አልኳት።

ማማው አልተነቀለም። በዚያው ክረምት ጭቃው መንገዱን ዘግቶ ሳለ ፎዚያ ወንድ ልጅ መውለዷ ቀይ ጋራ የተሰማው በእሱ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የሠራሁትን ሌላ ሰው ከሚቆጥርልኝ እኔው ልቁጠረው።

ያለ ወረቀት ገብቼ፣ የምስክር ወረቀት ተሸልሜ ወጥቻለሁ። ግድግዳዬ ላይ ነው፤ መጥታችሁ እዩት።

የቀይ ጋራን ነዳጅ ከግማሽ በታች አውርጃለሁ፤ ማማውንም አስቀርቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ከወልድያ እስከ ሐብሩ ባሉ ማማዎች ኤሲ እያጠፋሁ ንፋስ አስገብቻለሁ። በእያንዳንዱ ጋራ ግድግዳ ከመቅደዴ በፊት አውድማው የት እንደሆነ እጠይቃለሁ።

የአራጌን ስም አጥርቻለሁ። ዛሬም ፊልትሮ ያጥባል፤ ፊልትሮው ከሸሚዙ ይበልጥ ንጹሕ ነው።

ኢንጂነር ሰናይትን ሞተር ማዳመጥ አስተምሬአታለሁ። በድምፅ ብቻ ናፍጣ ከሚረጩት የታመመውን ኢኒየቶሪ ለይታ ታውቃለች። እሷም ጥቂት ነገር አስተምራኛለች።

ለእናንተ ለልጆቹ የምለው ይህ ነው፤ ኃይል ለመቆጠብ ከመነሳታችሁ በፊት ማን ለምን እንደሚጠቀምበት ጠይቁ፣ የምትወስዱበትንም ነገር በሌላ ተኩለት።

አንድ ቀረኝ። የማንጎ ወቅት ሲደርስ እትዬ ዘይነባ ትደውልልኛለች። «ሞተሩስ?» እላታለሁ። ስልኩን ወደ ጋራው ታዞርልኛለች። ወፍ ይሰማል፣ ውኃ ይሰማል፤ ሌላ ምንም አይሰማም። ያንን ዝምታ የሠራሁት እኔ ነኝ።